ኤክስፒ ቨርቹዋል ቦክስ ላይ ጭኜ የስቲከር መቁረጫዬን ፖርት አላይ አለኝ

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ስቲከርና ማስታወቂያ ነው የምሠራው። መቁረጫ ማሽኔ የቆየ ነው ግን አቆራረጡ አሁንም ሸጋ ነው፣ ችግሩ ያለው ባለ 9 ፒን ሲሪያል ፖርት ብቻ ነው፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ ከዊንዶውስ ኤክስፒ ውጭ አይነሳም። የድሮው ኮምፒውተር ማዘርቦርዱ ሲሞት ዊንዶውስ 10 ያለው ዴስክቶፕ ገዛሁና ቨርቹዋል ቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ ኤክስፒ ጫንኩ፣ ሶፍትዌሩ ይነሳል ዲዛይኑም ይከፈታል፣ ቁረጥ ስለው ግን ፖርት የለም ይላል። አዲሱ ኮምፒውተር ሲሪያል ስለሌለው ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር ኬብል ነው የሰካሁት፣ ዊንዶውስ 10 ኮም 3 የሚል የሲሪያል ፖርት ስም ሰጥቶ ያየዋል፣ ኤክስፒው ውስጥ ግን ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ምንም የለም። አዲስ ማሽን ግዛ የሚሉኝ አሉ፣ በአሁኑ ዋጋ የማይታሰብ ነው፣ ደግሞ ደህና የሚሠራ ማሽን በሶፍትዌር ምክንያት መጣል ያንገበግባል። የምታውቁ በአላህ ተባበሩኝ።

ቦርከና፦
አብሽር ወንድሜ፣ ይሄ የሚፈታ ነገር ነው። ኮምቦልቻ ጥገና ላይ ነው የምሠራው፣ እንዲህ ያለ ማሽን ብዙ ይመጣል። ቨርቹዋል ማሽን አንተ ጀርባው ላይ የሰካኸውን በራሱ አያይም፣ አንተ ነህ የምትሰጠው። ኤክስፒውን ሹት ዳውን አድርገህ ቨርቹዋል ቦክስ ሴቲንግ ውስጥ ሲሪያል ፖርትስ የሚለው ጋ ግባ፣ ፖርት 1ን አብራው፣ ቁጥሩን ኮም 1 በለው፣ ሞዱን ሆስት ዲቫይስ አድርገህ አድራሻው ቦታ ላይ ኮም 3 ጻፍ፣ በቃ። የዚህ መንገድ ጥሩነቱ ኤክስፒው የሚያየው ተራ የድሮ ኮም 1 ስለሆነ ለኬብሉ ኤክስፒ ውስጥ ድራይቨር ፍለጋ አትንከራተትም። ሶፍትዌሩ ላይም ኮም 1 መምረጥ አትርሳ። ደግሞ ልብ በል፣ ኬብሉ ካልተሰካ ወይ ዊንዶውስ 10 ላይ ሌላ ፕሮግራም ኮም 3ን ከያዘው ቨርቹዋል ማሽኑ ጭራሽ አይነሳም። ኬብሉን ሁልጊዜ እዚያው ቀዳዳ ላይ ሰካው፣ ሌላ ቦታ ስትሰካው ኮም 4 ወይ 5 ሊሆንብህ ይችላል።

ሐይቅ ዳር፦
ቦርከና ያለው ልክ ነው፣ ግን ረጅም ዲዛይን መሀል ላይ ከቆመብህ ኬብሉን ራሱን ለኤክስፒው ስጠው። ሴቲንግ ውስጥ ዩኤስቢ ጋ ገብተህ ለኬብሉ ፊልተር ጨምርለት፣ ኮንትሮለሩን ግን ዩኤስቢ 3 አታድርገው፣ ኤክስፒ አያውቀውም፣ 1.1 ወይ 2 ምረጥ። ቨርቹዋል ቦክስህ ከ7.0 በፊት ያለ ከሆነ ለዩኤስቢ 2 ኤክስቴንሽን ፓክ የሚባል ለብቻው የሚጫን ተጨማሪ ይፈልጋል። በዚህ መንገድ ግን የኬብሉን ቺፕ ድራይቨር፣ ኤፍቲዲአይ ይሁን ሲኤች 340፣ ኤክስፒው ውስጥ መጫን ግድ ነው፣ ኬብሉ ለኤክስፒው ከተሰጠ በኋላም ዊንዶውስ 10 ላይ ኮም 3 ይጠፋል፣ እንዳትደነግጥ፣ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንዱ ብቻ ነው።

ጦሳ ሥር፦
አላህ ይስጣችሁ! በቦርከና መንገድ ኮም 1 መጣ፣ ማሽኑም ተንቀሳቀሰ። አጭር ጽሑፍ ቆንጆ አድርጎ ይቆርጣል፣ ረጅም የመኪና ጽሑፍ ስሰጠው ግን መሀል ላይ ፊደል ይዘልና ምላጩ ስቲከሩን በሰያፍ ሰንጥቆት ያልፋል። ወደ ዩኤስቢው ልሂድ ወይስ ሌላ ነገር አለ?

ቦርከና፦
ቆይ መጀመሪያ ፍሎው ኮንትሮሉን እይ። ኮምፒውተሩ ከማሽኑ ይፈጥናል፣ የማሽኑ ሚሞሪ ሲሞላ ቆይ የሚልበት መንገድ ካጣ የተላከው ይፈሳል፣ ለዚያ ነው ፊደል የሚዘለው። ኤክስፒው ውስጥ ኮም 1 ፕሮፐርቲስ ላይ ሃርድዌር በለው፣ ማሽኑ ሜኑ ላይም ተመሳሳይ ይሁን፣ ቦድ ሬቱም (የመላኪያ ፍጥነቱ) ሁለቱም ጋ አንድ ይሁን፣ 9600 በቂ ነው። ይሄን አድርገህም ከዘለለ ያኔ ወደ ሐይቅ ዳር መንገድ ሂድ።

የወልዲያዋ፦
ወንድሞቼ ይቅርታ መሀል ገባሁ፣ እኛ ጋ ደረሰኝ የሚያትም ባለ ሪባን ፕሪንተር አለ፣ ፖርቱ ኤልፒቲ (የድሮው ፓራለል) ነው፣ ፕሮግራሙ የዶስ ነው ኤክስፒ ላይ የሚሠራ። ከዩኤስቢ ወደ ፓራለል የሚቀይር ኬብል ልግዛ?

ሐይቅ ዳር፦
ግዢው እቱ፣ ለፕሪንተር ይሠራል። ኬብሉን በዩኤስቢ ፊልተር ለኤክስፒው ስጪው፣ እንደ ዩኤስቢ ፕሪንተር ነው የሚያየው እንጂ ኤልፒቲ 1 ብሎ አያየውም፣ የዶስ ፕሮግራሙ ደግሞ ከኤልፒቲ 1 ሌላ አያውቅም። ስለዚህ ፕሪንተሩን እዚያው ኤክስፒ ውስጥ ሼር አድርጊና ኔት ዩዝ በሚለው ኮማንድ ኤልፒቲ 1ን ከዚያ ሼር ጋር አገናኚው። ፕሮግራሙ ፓራለል ፖርት ላይ የሚሰካ ቁልፍ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ብርሽን አታውጪ፣ ቁልፉ ፖርቱን በቀጥታ ስለሚፈልግ በዚህ ኬብል አይሄድም። መጀመሪያ እሱን አጣሪ።