የማረሻ ማሽኔ ሞተር ይሠራል፣ ጥርሶቹ ግን አፈር ሲነኩ ይቆማሉ

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ጓሮዬ ውስጥ ጎመንና ቃሪያ የምተክልባት 6 በ10 ሜትር ገደማ መሬት አለችኝ። አፈሩ ቀይ ሸክላ ነው፤ ሰርዶ ደግሞ ወሮታል።

ለአረሙ ብዬ በእጅ የምትገፋ ያገለገለች ማረሻ ማሽን ገዛሁ፤ ሮቶቲለር የሚሏትን። ባለ 5 የፈረስ ጉልበት፣ የቤንዚን፣ ጥርሶቿ ከኋላ ናቸው። 80 ዶላር ከፈልኩ። ርካሽ መስሎኝ!

ሞተሯ በሁለተኛው ጎተታ ይነሳል። ከመሬት ከፍ ሳደርጋት ጥርሶቿ በደንብ ይዞራሉ። አፈር ሲነኩ ግን ሞተሩ እየጮኸ ጥርሶቹ ቀጥ ይላሉ። ከዚያ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ይመጣል።

መጀመሪያ ካንዴላ ቀየርኩ፤ ከነገሩ ጋር እንደማይገናኝ የገባኝ በኋላ ነው። ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍቼ፣ የካንዴላውን ገመድ ነቅዬ፣ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመውን ሰርዶ በቢላ ቆራርጬ አወጣሁ። የሞተሩን ኃይል ወደ ጥርሶቹ የሚያደርሰውን ቺንጋም በአዲስ ቀየርኩ። አሮጌውን ይዤ ሄጄ በርዝመቱ ብቻ ነው የተለካልኝ። 10 ደቂቃ ያህል አረሰች፣ እንደገና ቆመች። ቺንጋውን የሚያጠብቀው የእጀታው ሽቦ እስከ መጨረሻው ተወጥሯል። የማርሽ ሳጥኑ ዘይት ሙሉ ነው፤ የብረት ብናኝም አላየሁበትም።

ሰርዶ ሲቆራረጥ እንደሚባዛ አውቃለሁ፤ ሥሩን እየለቀምኩ ስለማወጣ እሱን ተዉልኝ።

የማርሽ ሳጥኑን ከመፍታቴ በፊት፣ ቺንጋው የሚንሸራተተው ስፋቱ ስላልገጠመ ይሁን ወይስ መወጠሪያው ፑሊ (ቺንጋውን ተጭኖ የሚያጠብቀው መንኮራኩር) ስላለቀ እንዴት ልለይ?