አያቴን ኮሪያ ምን ወሰዳቸው?

ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴ አባት የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ፤ ኮሪያ ዘምተዋል። በቀደም ሣጥናቸውን ስንከፍት ሜዳሊያቸውን አገኘነው። በጨርቅ ተጠቅልሎ ከጋቢያቸው ሥር ተቀምጧል። እማዬ «በደርግ ጊዜ ነው የደበቁት፤ ለኢምፔሪያሊስት ተዋግቷል እንዳይባሉ» አለችኝ።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1947 እ.ኤ.አ. ለግሪክና ለቱርክ 400 ሚሊዮን ዶላር እንዲፈቀድ ኮንግረሱን መጠየቁን ለፈተና ሸምድጃለሁ። ኮሚኒዝም እንዳይስፋፋ ነው ተብለን ተማርን። አያቴ ግን ኮሚኒዝም የሚለውን ቃል ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም። የሚያወሩት ስለ ብርዱ ነበር። ኮዳ ውስጥ ያለ ውሃ ድንጋይ ሆኖ ያድር እንደነበር ይነግሩን ነበር። ታዲያ እሳቸውና የትሩማን ፖሊሲ የት ተገናኙ?

መልስ 1
ልጄ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ታሪክ አስተምር ስለነበር የማውቀውን ልንገርሽ። ኮሚኒዝም እንዳይስፋፋ የመግታቱ ሐሳብ አባት ሞስኮ የነበረው የአሜሪካ ዲፕሎማት ጆርጅ ኬናን ነው። ሶቪየት ኅብረትን ጦር መግጠም አያስፈልግም፤ በትዕግሥት ባለችበት ማቆም ይበቃል ባይ ነበር። አሜሪካ ከጦርነቱ በኋላ ለአውሮፓ የሰጠችው ዕርዳታ፣ ማርሻል ፕላንም፣ የዚሁ አካል ነው፤ የተራበ አውሮፓ በቀላሉ ኮሚኒስት ይሆናል ተብሎ ተሰግቶ ነበር። ሰኔ 1950 እ.ኤ.አ. የሰሜን ኮሪያ ጦር ሁለቱን ኮሪያዎች የሚለየውን 38ኛውን መስመር ሲሻገር ግን ነገሩ ሁሉ ወደ ጠመንጃ ዞረ።

ጃንሆይ ደግሞ የራሳቸው ቁስል ነበራቸው። በ1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ቆመው ለተወረረች አገራቸው ድረሱልን ብለው ሰሚ አጥተዋል። የተባበሩት መንግሥታት ለኮሪያ ድረሱ ሲል እንዴት እምቢ ይበሉ? ኮሪያ የዘመተው ጦራችን፣ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ፣ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሣ። ከአፍሪካ እግረኛ ጦር የላከች ሌላ አገር የለችም።

መልስ 2
ጋሼ ያሉት እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ቀርቷል። ጃንሆይ ዘመናዊ መሣሪያም ይፈልጉ ነበር። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ሁለት ስምምነት ተፈረመ። አንዱ ለሠራዊታችን ዕርዳታና ሥልጠና ያመጣ ነው። ሌላው አሜሪካኖች አሥመራ ላይ ለነበራቸው የሬዲዮና የስለላ ጣቢያ 25 ዓመት የፈቀደ ነው። የጣቢያው ስም ማን ተባለ? ቃኘው! ከ120 በላይ ልጆቻችን ኮሪያ ወድቀዋል። ያንን ስም የጆሮ ጠቢዎች ሰፈር ላይ መለጠፉ እኔን እስከ ዛሬ ያመኛል።

ጠያቂዋ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንተም ወንድሜ፣ ያልከው ገብቶኛል። ዋሽንግተን የራሷ ሒሳብ ነበራት፤ ቤተ መንግሥቱም እንደዚያው። አያቴን ግን ሒሳቡ ውስጥ ላገኛቸው አልቻልኩም።

ጽሑፋችሁን ካነበብኩ በኋላ ሜዳሊያውን እንደገና አወጣሁት። ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ ነው፤ ነጩ ቢጫ ሆኗል። ጀርባውን በጋቢው ጫፍ ወለወልኩት። ለካ ጽሑፉ አማርኛ ነው! የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር መርሆዎች ለመጠበቅ ላገለገለ የተሰጠ መሆኑን ይናገራል። ኮሚኒዝም የሚል ቃል የለበትም። ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና «እስቲ ድገሚልኝ» አለችኝ።