ለበዓል ሽንኩርት የሚሆን ፉድ ፕሮሰሰር፦ ከአሜሪካ ይምጣ ወይስ እዚሁ ይገዛ?

የቤት ልጅ (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ውስጥ ስድስት ሰዎች እንኖራለን፤ ወጥ የምትሠራው እናቴ ናት፤ እኔም ከሥራ ስመለስ አግዛታለሁ። ከአንድ ዓመት ወዲህ የእጅ አንጓዋን ስለሚያማት ቢላዋ ይዛ ብዙ መክተፍ አልቻለችም። በአዘቦት ቀን ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ብከትፍላት አይከብደኝም፤ የበዓል ዶሮ ሲመጣ ግን ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቆ መክተፍ ግማሽ ሌሊት ይፈጃል። ስለዚህ ፉድ ፕሮሰሰር ለመግዛት አስበናል።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው እህቴ ለፋሲካ ስለምትመጣ ጥሩውን ከዚያ ይዛ እንደምትመጣ ነግራኛለች። እኔ ደግሞ እዚህ ሱቆች ዞሬ አይቻለሁ፤ በካርቶኖቹ ላይ 600፣ 800፣ 1200 ዋት ተብሎ ተጽፏል፤ ዋጋቸው ግን ከዋታቸው ጋር አብሮ አይሄድም። አንዱ ሻጭ ጭማቂ መጭመቂያና ቡና መፍጫ ጭምር ያለውን አሳይቶኝ «ይሄ ድንጋይም ይፈጫል» አለኝ። እኛ የምንፈጨው ድንጋይ የለንም።

ትልቁ ችግር ግን እናቴ ናት። በማሽን የተከተፈ ሽንኩርት ውሃ ያወጣል፣ ወጡም ይመርራል ትላለች። የጎረቤት ብሌንደር ተውሰን ስንሞክረው በእርግጥም አረፋ የያዘ ጭማቂ ሆኖ ስለወጣ መከራከሪያ አጣሁ። ፉድ ፕሮሰሰር ከብሌንደር በምን ይለያል? ዕቃውስ ከየት ቢገዛ ይሻላል? የተጠቀማችሁበት ብትመልሱልኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ድግስ አብሳይ (አዳማ)

እናትዎ ትክክል ናቸው፤ ያጠፋው ግን ማሽን መሆኑ ሳይሆን ብሌንደር መሆኑ ነው። የብሌንደር ዕቃ ጠባብና ረጅም ሲሆን ስለቱ ከታች ትንሽ ቦታ ላይ ስለሚሽከረከር፣ ፈሳሽ ካልገባበት ምግቡ ወደ ስለቱ አይወርድም፤ ለዚህም ነው ሁላችንም ውሃ ጠብ አድርገን የምንፈጨው። የፉድ ፕሮሰሰር ዕቃ ሰፊ ነው፤ ስለቱም በሁለት በኩል እንደ ክንፍ ተዘርግቶ የዕቃውን ወለል ስለሚጠርግ ደረቁን ሽንኩርት ያለ ውሃ ይከትፈዋል። ሆኖም ይህም ቢሆን ቁልፉን ተጭነው ከተዉት በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሽንኩርቱን ገንፎ ያደርገዋል። ሽንኩርት ሲጨፈለቅ በውስጡ ተለያይተው የተቀመጡት ነገሮች ስለሚቀላቀሉ ነው ዓይን የሚያቃጥለውና ጣዕሙ የሚከረው። ስለቱ በደነዘዘ ቁጥር ደግሞ መቁረጡ ቀርቶ መጨፍለቁ ይበዛል።

ስለዚህ ሲመርጡ መጀመሪያ የሚያዩት በየጊዜው እየተጫኑ የሚለቁት «ፐልስ» የሚባለው ቁልፍ መኖሩን ይሁን። እኔ ሽንኩርቱን ልጬ ለአራት እሰነጥቅና ዕቃውን ከግማሽ ሳላሳልፍ እሞላዋለሁ፤ ከዚያ አንድ ሰከንድ ያህል ተጭኖ መልቀቅ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ፣ በመሃል አንዴ ከፍቶ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወደ ታች መጥረግ ነው። ዕቃው ሦስት ሊትር ከሆነ በአንድ ዙር ከግማሽ ኪሎ ትንሽ በለጥ ያለ ይይዛል፤ ሦስቱ ኪሎ በአምስት ወይም በስድስት ዙር ያልቃል ማለት ነው። አንድ ሊትር የማይሞላውን ትንሹን መክተፊያ ግን ለበዓል አይግዙት፤ ሃያ ጊዜ መሙላትና መገልበጥ ራሱ የእጅ አንጓ ያሳምማል።

በማሽን የተከተፈ ሽንኩርት ከእጅ ክትፍ ይልቅ ውሃ የሚለቅ መሆኑን አልክድም። እኔ ድስቱን ሰፋ ያለ አድርጌ ያለ ዘይት መጀመሪያ ውሃውን እስኪመጥ አቁላላዋለሁ፤ ከተለመደው ሩብ ሰዓት ያህል ቢጨምር ነው። ከትፎ ማሳደር ግን አይሆንም፤ በማሽን የተከተፈ ሽንኩርት ጠዋት ሲከፈት ሽታው ሌላ ነው።

ስለ ሌላው በአጭሩ፦ ለጥቅል ጎመን፣ ለካሮትና ለቀይ ሥር የመቁረጫው ዲስክ በጾም ወራት ያስመሰግናል። አበሻ ጎመን ታጥቦ በደንብ ካልተንጠፈጠፈ ይጨማለቃል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ትንሽ ከሆነ በትልቁ ዕቃ ውስጥ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ማሽኑ እየዞረ በላይኛው ቀዳዳ ከጣሉት ግን ይይዘዋል። ለክትፎ ሥጋው ጅማቱ ወጥቶለት፣ በማቀዝቀዣ ግማሽ በግማሽ ጠጠር ካላለ ሊጥ ይሆናል፤ እኔ በበኩሌ ክትፎን ለቢላዋ ትቼዋለሁ። በርበሬና ሽሮ የወፍጮ ቤት ሥራ ነው፤ ማንም ሻጭ ቢነግርዎ አይመኑ።

ጠጋኙ (አዲስ አበባ)

ስለ ሽንኩርቱ የተጻፈው በቂ ስለሆነ እኔ ስለ ኮረንቲው ልጻፍ፤ ሥራዬ የቤት ዕቃ መጠገን ሲሆን ከበዓል ማግስት ወደ ሱቄ ከሚመጡት የተቃጠሉ ዕቃዎች መካከል ከአሜሪካ የመጡት ጥቂት አይደሉም።

የእኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ኸርዝ ማለት ኮረንቲው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ገዝቶ የአሜሪካውን ዕቃ እዚህ መሰካት በአንድ ጊዜ ይገድለዋል፤ ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ትራንስፎርመር ቢገዛም ነገሩ እንደማያልቅ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይነካም። የሞተሩ ዓይነት የሚወስነው እዚህ ላይ ነው። ካርቦን ያለው፣ ሲዞር የሚጮኸው ሞተር ለኸርዝ ግድ የለውም። በጥሩዎቹ ፉድ ፕሮሰሰሮች ውስጥ የሚገኘው ከባድና ድምፁ ዝቅ ያለ ሞተር፣ ኢንዳክሽን የሚባለው፣ ፍጥነቱን የሚቀበለው ግን ከኸርዙ ነው፤ ለ60 ተሠርቶ በ50 ሲዞር ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፣ ከተሠራበት በላይ ኮረንቲ ይስብና ይግላል። አሳዛኙ ነገር እህትዎ ጥሩውን በመረጡ ቁጥር ይህ ሞተር የመገኘቱ ዕድል መጨመሩ ነው። በዚያ ላይ ሞተር ሲነሳ ከተጻፈበት ዋት በብዙ እጥፍ ስለሚስብ ትራንስፎርመሩ ቢያንስ የእጥፍ ዋት መሆን አለበት፤ ያ ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ የሚያደናቅፍ የብረት ክምር ነው። በእኔ ምክር ከአሜሪካ አይምጣ።

ዋትን በተመለከተ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ማሽኑ ከግድግዳው የሚስበውን እንጂ ለስለቱ የሚያደርሰውን አይናገርም። ሁለት ዕቃ ሲያማርጡ ከዋቱ ይልቅ ክብደቱን በእጅዎ ይመዝኑ፤ የሚቀለው ሊጥ ሲቦካበት ጠረጴዛው ላይ ይራመዳል።

እኔ ዘንድ በብዛት የሚመጣው ብልሽት ግን ሞተር አይደለም። ክዳኑ በትክክል ካልገጠመ ማሽኑ እንዳይነሳ የሚያደርግ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ይህን የሚጫነው የክዳኑ የፕላስቲክ ጥርስ ሲሰበር ዕቃው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሞተ ይባላል። ከመግዛትዎ በፊት ክዳኑና ምግቡ የሚገባበት ዕቃ ለብቻቸው ይሸጡ እንደሆነ ሻጩን ይጠይቁ። «ኦሪጅናል ነው» የሚለው መልስ የጥያቄው መልስ አይደለም። የፈረንሳዩ ማጂሚክስ ለሞተሩ የ30 ዓመት ዋስትና ይሰጣል፤ ወኪል በሌለበት ከተማ ግን ያ ወረቀት ክዳን አይሆንም።

ከሪያድ

እኔም ለእናቴ ልኬ ስለማውቅ አንድ ነገር ልጨምር። ከዱባይ የሚመጣ ዕቃ 50 ኸርዝ ስለሆነ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ሶኬቱን መቀየር ብቻ ይበቃል። እኛ ሳዑዲ ያለን ግን ቮልቱ 230 ቢሆንም ኸርዙ እንደ አሜሪካ 60 ነው፤ ስለዚህ ከዚህ የሚላክ ከሆነ ከታች በተለጠፈችው ጽሑፍ ላይ «50/60» የሚል መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። እንዲህ የሚል ካገኛችሁ ቮልቱም ከ220 እስከ 240 ከሆነ ያለ ስጋት ላኩት።

የቤት ልጅ (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጠጋኙን መልስ ለእህቴ ሳነብላት ለካ ዕቃውን ገዝታ ሳይሆን የራሷን፣ ለብዙ ዓመታት የተጠቀመችበትን ኩዚናርት የሚባል ፉድ ፕሮሰሰር ልታመጣልኝ ነበር። ታዲያ እዚያው ይቅር ወይስ ካርቦን ያለው ከሆነ ትራንስፎርመር ልፈልግ?

ጠጋኙ (አዲስ አበባ)

እዚያው ይቅር። ይልቅ እህትዎ ራሳቸው ስለቱን ይመልከቱት። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2016 በአሜሪካ ብቻ ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ የፉድ ፕሮሰሰር ስለት እንዲመለስ ጠርቶ ነበር፤ ምክንያቱም ብረቱ ከጊዜ በኋላ እየተሰነጠቀ ቁራጩ ምግብ ውስጥ ይገባ ስለነበር ነው። ጥሪው የሚመለከተው ከ1996 እስከ 2015 የተሸጡትን ሲሆን መለያቸው ብረቱ ከመሃለኛው ፕላስቲክ ጋር በአራት የብረት ምስማሮች የተጣበቀ መሆኑ ነው። የእሳቸው እንዲህ ዓይነት ከሆነ ሽንኩርትም አይክተፉበት።

ድግስ አብሳይ (አዳማ)

እህትዎ የያዙትን ገንዘብ ይዘው ይምጡና እዚሁ አብራችሁ ግዙ። ሱቁ ሶኬት ካለው ሁለት ራስ ሽንኩርት በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ ቢስቅም ይስቅ። ከትፋችሁ እፍኝ ሙሉ አውጡና ጨመቅ አድርጉት፤ ውሃ በጣታችሁ መሃል ከፈሰሰ ሌላ ሱቅ ሂዱ። እናትዎንም ይዛችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው፤ ወጡን የሚሠሩት እሳቸው ናቸው።

የቤት ልጅ (አዲስ አበባ)

እናቴ ሽንኩርቱን ራሷ እንደምትመርጥ ነግራኛለች። ቅዳሜ ሦስታችን እንሄዳለን፤ የገዛነውን መጥቼ እጽፋለሁ።