ሁለት ኦፒኔል ሰንጢ አለኝ፤ አሮጌው ሲታጠፍ አይቆልፍም። ተበላሽቶ ነው?

የመርሳው፦
እንዴት ናችሁ ወገኖቼ። መርሳ ላይ ማንጎ እያዳቀልኩ ችግኝ እሸጣለሁ። ሁለት ሰንጢ አለኝ፤ ሁለቱም ኦፒኔል፣ ሁለቱም 8 ቁጥር። አንዱን የጅቡቲ መስመር ሹፌር የነበረው አጎቴ ነው የተወልኝ። ሌላውን እህቴ ዘንድሮ ከፈረንሳይ ላከችልኝ። ጎን ለጎን ሳያቸው ግራ ገባኝ። የአጎቴ ስለቱ ጠቁሯል። አንገቱ ላይ ያለው የሚዞር ቀለበት ስለቱ ሲከፈት ይቆልፋል፤ ሲታጠፍ ግን ዝም ነው። አዲሱ ሲከፈትም ሲታጠፍም ይቆልፋል። ደግሞ ዝናብ ሲሆን አሮጌው አልከፈት እያለ ጥፍሬን ሊነቅለው ነው። ተበላሽቶ ነው ወይስ ሥሪቱ ነው? ለማዳቀልስ የቱን ልያዝ?

ሀይቅ ዳር፦
አይ አንተ! እኛ በግማሽ ምላጭ እያዳቀልን ስንቱን ዛፍ ለፍሬ አበቃን። ሁለት የፈረንሳይ ሰንጢ ይዞ የሚጨነቅ ሰው ዛሬ አየሁ። አሮጌውን ካልፈለግከው እኔ አለሁ።

ጦሳ ሥር፦
አብሽር ወንድሜ፣ አልተበላሸም። ደሴ እንጨት ሥራ ላይ ነኝ፤ ይህ ሰንጢ ከኪሴ አይጠፋም። ስለዚህ ትንሽ ላውራ።

ጆዜፍ ኦፒኔል ሳቯ በሚባለው የፈረንሳይ ተራራማ አገር ሰንጢውን የጀመረው በፈረንጅ 1890 ነው። ያኔ የሚዞር ቀለበት የለም። ስለቱን የሚይዘው የእጀታው ጥብቀት ብቻ ነበር። የሚዞረው ቀለበት የመጣው በ1955 ነው፤ ስለቱ እየቆረጥክ ሳለ ታጥፎ ጣትህን እንዳይበላ ያግደዋል። የታጠፈውንም እንዲቆልፍ የተደረገው ገና በ2000 ነው። እንግዲህ የአጎትህ በእነዚህ በሁለቱ መሃል የተሠራ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከ6 ቁጥር በታች ያሉት ትንንሾቹ ዛሬም ቀለበት የላቸውም። ቀለበት የሌለው አይቶ «የጥንት ነው» ብሎ ዋጋ የሚሰቅልብህ ካለ መጀመሪያ ቁጥሩን እይ።

ብረቱም ይለያያል። አዲሱ ላይ «ኢኖክስ» ተብሎ ከተጻፈ የማይዝግ ነው። የጠቆረው ካርቦን ብረት ነው። ጥቁረቱን አትፈግፍገው፤ ዝገት አይደለም። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ የማንጎ ፈሳሽ ሲነካው እንዲህ ይሆናል። ቀይ ካየህ ግን እሱ ዝገት ነውና ወዲያው ጥረገው። ካርቦኑ ድንጋይ ላይ ቶሎ ይሳላል። ኢኖክሱ ሲሳል ያስለፋሃል፤ በምትኩ እርጥብ ኪስ ውስጥ ብትረሳውም አይቀየምህም።

አልከፈት የሚለው እጀታው እንጨት ስለሆነ ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። የደሴን ክረምት ታውቀው የለ? ጥፍርህን ተወው። ቀለበቱን ከስለቱ መውጫ ጋር አስተካክልና የእጀታውን ጭራ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ መታ አድርገው። የስለቱ ጫፍ ራሱ ብቅ ይላል፤ ያኔ በሁለት ጣት ትስበዋለህ። የሳቯ ሰዎችም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። በጋ ሲገባ በደንብ አድርቀውና እጀታውን የተልባ ዘይት ቀባው። አሁንም ከጠበቀ ብርጭቆ ወረቀት አጥፈህ ስለቱ የሚገባበትን ስንጥቅ በትንሹ ፈግፍግ። በትንሹ አልኩ! ብዙ ከፈገፈግክ በበጋ እየተወዛወዘ ያስቸግርሃል።

ለማዳቀል እኔ ብሆን ካርቦኑን እይዛለሁ። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ስትሄድ በአልኮል ጥረገው፣ ማታም ደረቅ አድርገህ አስቀምጠው። አዲሱ ኪስህ ውስጥ ይዋል፤ ገመድ፣ ፌስታል፣ ሸንኮራ የሱ ነው። ታጥፎ ስለሚቆለፍ ልጅ ቢያነሳው እንኳ ዝም ብሎ አይከፈትለትም።

የመርሳው፦
ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ! ጭራውን መታ ሳደርገው ወላሂ ብቅ አለ። አንድ ነገር ብቻ፦ ግብርና ጣቢያ ያየሁት የማዳቀያ ቢላ የተሳለው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። የአጎቴንም እንደዚያ ልሳለው?

ጦሳ ሥር፦
ተው፣ አትንካው። የማዳቀያው አንድ ጎኑ ልሙጥ የሆነው ቁርጡ ቀጥ ብሎ እንዲወጣና ሁለቱ እንጨቶች ክፍተት ሳይኖራቸው እንዲገጥሙ ነው። ኦፒኔል በሁለቱም ጎን የተሳለ ነው፤ ስለቱም ስስ ነው። አንዱን ጎን ልሙጥ ላድርግ ካልክ ብዙ ብረት ትበላለህ። ለቀጭን ችግኝ፣ ሰንጥቀህ ለምታስገባው የማዳቀል ዓይነት፣ እንዳለ ይበቃሃል። ሥራው ከበዛብህ ዋናውን የማዳቀያ ቢላ ለብቻ ግዛ። ለመሆኑ የምትቆርጠው በየትኛው እጅህ ነው? የአንድ ጎን ስለት እጅ ይመርጣል።

የመርሳው፦
ግራኝ ነኝ።

ጦሳ ሥር፦
እንግዲያው እህትህን ስታስቸግር «የግራኝ» ብለህ ንገራት። ካልነገርካት የምትልክልህ የቀኝ ነው።

ሀይቅ ዳር፦
የቀኙ ከመጣም እኔ አለሁ።