ለተማሪ ታብሌት ይውጣ ወይስ ኪቦርድ ያለው ትንሽ ላፕቶፕ? የአዳማ ክርክር

መምህሩ፦
ሰላም የአዳማ ልጆች። አንድ ጥያቄ ላንሳ። አንድ የኮምፒውተር አምራች ለአገራችን ተማሪ አንድ ርካሽ ዕቃ ብቻ ማውጣት ቢችል፣ ታብሌት ይሁን ወይስ ኔትቡክ? ኔትቡክ የምለው ስክሪኑ አነስ ያለ፣ ኪቦርድ ያለው፣ በርካሽ የሚሸጥ ላፕቶፕ ነው።

ጥያቄው የመጣብኝ ባለፈው ሳምንት ነው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ አራት ገጽ ጽሑፍ በስልክ ጽፋ በቴሌግራም ላከችልኝ። የመጀመሪያው ገጽ ግሩም ነው። ከሦስተኛው ገጽ ጀምሮ ዐረፍተ ነገሮቹ እያጠሩ ሄዱ። አራተኛው ላይ ጭራሽ ነጠላ ቃላት ሆኑ። ጠርቼ ጠየቅኋት። «ቲቸር፣ ኪቦርዱ የስክሪኑን ግማሽ ይሸፍነዋል። ላይ የጻፍኩትን ለማየት ስመለስ የያዝኩት ሐሳብ ይጠፋብኛል» አለችኝ። ልጅቷ ጎበዝ ናት። ስልክ ላይ ግን አንዷን ፊደል ለማውጣት ሁለት ጊዜ መንካት አለ። አራት ገጽ በዚያ መንገድ መጻፍ አድካሚ ነው።

የእኔ አቋም ኔትቡክ ነው። እናንተስ?

እናት ከገንደ ጋራ፦
ቲቸር፣ አልስማማም። ታብሌት ነው የሚሻለው። ሦስት ልጆች አሉኝ። ቤት ውስጥ ያለው አንድ ታብሌት ነው፣ ሦስቱም ይጠቀሙበታል። ትልቋ የመማሪያ መጽሐፉን በፒዲኤፍ ታነብበታለች። መካከለኛው የሒሳብ ቪዲዮ ያይበታል። ትንሹ ፊደል ይቆጥርበታል። መብራት ሲሄድ በፓወር ባንክ እንሞላዋለን። የስልክ ቻርጀር ይበቃዋል።

የወንድሜን ላፕቶፕ አይቼዋለሁ። ባትሪው ሞቷል። ከግድግዳው ከነቀሉት ይጠፋል። መብራት በሄደ ቁጥር ሴቭ ያላደረገውን ሁሉ ይዞበት ይሄዳል። እንዲህ ያለ ዕቃ ለልጅ አይገዛም።

የምህንድስና ተማሪ፦
እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። አንደኛ ዓመት ስገባ ያገለገለ ኔትቡክ ገዛሁ። ፕሮሰሰሩ አተም የሚባለው ደካማው፣ ራሙ 1 ጊጋ። የምህንድስና ንድፍ የምንሠራበትን አውቶካድ ልክፈት ስል ቡና ጠጥቼ እመለሳለሁ፣ ገና እየከፈተ ነው። ታብሌት ደግሞ አውቶካዱን በደንቡ አይከፍተውም። ስለዚህ ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ኔትቡክ የሞተው በራሱ ድክመት ነው። አሱስ የተባለው አምራች በ2007 እ.ኤ.አ. ኢ ፒሲ 701 የሚባለውን ኔትቡክ ሲያወጣ ስክሪኑ 7 ኢንች፣ ማከማቻው 4 ጊጋባይት ነበር። ዓለም ተደስቶ ገዛው። በ2012 መጨረሻ ላይ ራሱ አሱስ ኢ ፒሲን አቆመ። ሰው ወዶት ቢሆን ኖሮ አያቆሙትም ነበር።

ስልክ ሻጭ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ፦
እኔም ታብሌት ባይ ነኝ። አፕል ይህንኑ ጥያቄ ቀድሞ መልሶታል። ኔትቡክ ገበያውን ሲይዝ ሁሉም አፕልም ያውጣ እያለ ይጎተጉት ነበር። የአፕሉ አለቃ ስቲቭ ጆብስ እምቢ አለ። በጥር 2010 እ.ኤ.አ. አይፓድ የሚባለውን ታብሌት ይዞ ሲወጣ ኔትቡክ በምንም ነገር የተሻለ አይደለም፣ ርካሽ ላፕቶፕ ብቻ ነው አለ። አይፓዱ ከ499 ዶላር ጀምሮ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። አምራች የሚያተርፍበትን ነው የሚያወጣው፣ ሰውም የሚወደውን ነው የሚገዛው።

መምህሩ፦
ሁለታችሁም ጥሩ ነጥብ አንስታችኋል። በየተራ ልመልስ።

መጀመሪያ ኔትቡክ ለምን ሞተ? ደካማ መሆኑ እውነት ነው። ግን ደካማ የሆነው በከፊል እንዲሆን ስለተፈለገ ነው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ኤክስፒን በቅናሽ የሚሰጠው ስክሪኑና ራሙ ከተወሰነ መጠን ላልበለጠ ማሽን ብቻ ነበር። በኋላ የመጣው ዊንዶውስ 7 ስታርተር የዴስክቶፑን ፎቶ መቀየር እንኳ አይፈቅድም ነበር። ትንሹ የትልቁን ላፕቶፕ ገበያ እንዳይሻማ ማለት ነው። ተማሪው የገዛው ያንን የታሰረ ማሽን ነው። ዛሬ በርካሽ የሚወጣው ፕሮሰሰር ከዚያ አተም በብዙ እጥፍ ይሻላል። አውቶካድ ላይ ግን እጄን ሰጥቻለሁ። ለሱ ደህና ላፕቶፕ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጆብስ ልምጣ። የጆብስ ክርክር ትክክል ነው። ግን ለማን ነው የተናገረው? ስልክም ላፕቶፕም ላለው ሰው ነው። አይፓድ በሁለቱ መሃል የሚገባ ሦስተኛ ዕቃ ነበር። ይህን የምለው ከራሴ አይደለም፣ ዕቃው ራሱ ይመሰክራል። የመጀመሪያውን አይፓድ ከካርቶን አውጥተህ ለመጀመር ከኮምፒውተር ጋር በገመድ አገናኝተህ አይቲዩንስ የሚባለውን የአፕል ፕሮግራም መክፈት ነበረብህ። ያለ ኮምፒውተር መጀመር የተቻለው በ2011 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ አይኦኤስ 5 የሚባለው አዲሱ የአይፓድ ሲስተም ሲወጣ ነው። ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተር ለሌለው ሰው የተሠራ ዕቃ አልነበረም።

የኔ ተማሪ ቤት ኮምፒውተር የለም። ስልክ አለ፣ የእናቷ። ታብሌት ብትጨምሩላት ያላትን ነገር አሰፋችሁላት። የሌላት ኪቦርዱ ነው።

ስልክ ሻጭ፦
ይቺን የአይቲዩንስ ነገር ረስቻት ነበር። እውነት ነው። ሰው ሱቅ ገብቶ «ታብሌት አለ?» ሲለኝ ለምን ፈልገኸው ነው እለዋለሁ። «ለልጅ፣ ሰፋ ያለ ስክሪን» ይላል። ሰፋ ያለ ስልክ ነው የሚፈልገው ማለት ነው። ግን ደንበኛ ኔትቡክ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ይህንንም አስቡት። ማንም ያልጠየቀውን ዕቃ አምራቹ ለምን ያወጣል?

የጤና ባለሙያ፦
ሁላችሁም ተቀምጦ ስለሚሠራ ሰው ነው የምታወሩት። እኔ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ነው የምሠራው። የቤተሰብ መረጃ የሚመዘግቡት ኢ-ቺስ በተባለው ሲስተም፣ በታብሌት ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ። አንዲት እህት ሕፃን በአንድ ክንዷ ታቅፋ በሌላው እጇ ስትመዘግብ በዓይኔ አይቻለሁ። ላፕቶፕ የት ታስቀምጠው? ደጃፍ ላይ ጠረጴዛ የለም። ፎርሙ ደግሞ አብዛኛው መምረጥ ነው፣ መጻፍ ትንሽ ነው። ቲቸር፣ የርስዎን ክፍል ብቻ አይዩ።

የወለንጪቲ ልጅ፦
እኔ ደግሞ የጎረቤታችንን ታሪክ ላምጣ፣ ከአዳማ ሩቅ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት ሞቶሮላ ዙም የሚባል ታብሌት ለሁለት ቦታ ልጆች ሰጠ። አንዱ ወንጪ ነው፣ ሌላው ወለንጪቲ። ልጆቹ ማንበብ አይችሉም። አስተማሪ አልተመደበላቸውም። አዋቂዎቹ በፀሐይ ኃይል እንዴት እንደሚሞላ ብቻ ተነገራቸው። ታብሌቶቹ እንደታሸጉ ተቀመጡላቸው። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው። በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ልጆቹ ራሳቸው ከፈቱት።

ልብ በሉ፣ ይህ ድርጅት በስሙ ላፕቶፕ ያለበት ነው። ኤክስኦ የሚባለውን አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፕ የሠራው እሱ ነው። 100 ዶላር ይሆናል ተብሎ ወደ 200 ተጠጋ። እኛም አገር በሺዎች ገብቷል። ያ ድርጅት ራሱ ወለንጪቲ ሲመጣ ታብሌት ነው የያዘው። ይህን ምን ትሉታላችሁ?

እናት ከገንደ ጋራ፦
እሰይ! የኔም ትንሹ እንዲሁ ነው። ማንም ሳያሳየው ነው የለመደው።

መምህሩ፦
ወንድሜ፣ ይህን ታሪክ ስላነሳኸው አመሰግናለሁ። እኔንም ያኮራኛል። ማንበብ ለማይችል ልጅ ኪቦርድ ምንም አያደርግለትም። እዚያ ላይ ታብሌት አሸንፏል፣ አልከራከርም። የጤና ሠራተኞቹም ላይ እህቴ ልክ ናት።

ግን ካሜራውን አስበው። ልጆቹ ታብሌቱ ላይ የተጫነውን ፊልምና ዘፈን ማየት ይችሉ ነበር። የታገሉት ግን ተዘግቶ የነበረውን ለመክፈት ነው። የራሳቸውን ፎቶ ማንሳት ፈለጉ። መሥራት ፈለጉ። እነዚያ ልጆች አድገው 9ኛ፣ 10ኛ ክፍል ሲደርሱ መሥራት የሚፈልጉት ምንድን ነው? ደብዳቤ፣ ሪፖርት፣ የሒሳብ ሠንጠረዥ፣ ትንሽ ፕሮግራም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ በዚያ ቀን ሰዓቱን የሚያጠፋው ጥያቄው ላይ አይደለም። ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

ጠጋኝ፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሁላችሁም ስለ አዲስ ዕቃ ታወራላችሁ። እኔ ጋ ለጥገና የሚመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ማክሰኞ አንድ ላፕቶፕ ከፈትኩ። «ይግላል፣ ከዚያ ይጠፋል» ብለው ነው ያመጡት። ፋኑ አፍ ላይ ያለው አቧራ ጨርቅ ሆኗል። በፒንሴት ስይዘው አንድ ላይ ተላጦ ወጣ፣ የብርድ ልብስ ቁራጭ ይመስላል። የአዳማ ነፋስ ሥራ ነው። ጠረግኩት፣ የፕሮሰሰሩን ፔስት ቀየርኩ፣ ስምንት ብሎን አሰርኩ። ልጁ እዚያው ቆሞ ጠብቆ ይዞት ሄደ።

ከሱ ቀጥሎ ታብሌት መጣ። ችግሩ የቻርጀር መሰኪያው መነቃነቁ ብቻ ነው። ትንሽ ዕቃ ናት፣ ዋጋዋም ትንሽ ነው። ግን እሷ ጋ ለመድረስ ስክሪኑ መነሳት አለበት። ስክሪኑ በሙጫ ነው የተጣበቀው። በሆት ኤር አሞቅኩት፣ ቀጭን ፕላስቲክ አስገብቼ ዙሪያውን ቀስ እያልኩ ሄድኩ። ሦስቱ ጎን ተነሳ። አራተኛው ጥግ ላይ ፀጉር የምታህል መስመር አየሁ። ተሰነጠቀ። ስክሪኑን ከኪሴ ገዝቼ ተካሁለት። የልጅ ትምህርት ነው፣ ምን ላድርግ።

ስለዚህ እኔ ከቲቸር ጋር ነኝ። የላፕቶፕ ኪቦርድ ቢበላሽ ኪቦርድ ይቀየራል። ስክሪኑ ቢሰበር ስክሪን። ታብሌት ላይ ሁሉም ነገር አንድ መስታወት ሥር ነው። ነገር ግን ቲቸር፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። አዲሶቹ ርካሽ ላፕቶፖች ወደ ታብሌት እየሄዱ ነው። ራሙም ማከማቻውም ማዘርቦርዱ ላይ ይበየዳል። ማከማቻው ሲሞት ላፕቶፑም አብሮ ሞተ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ኔትቡክ ከሆነ የሚወጣው፣ እኔ ድምፄን አልሰጥም።

የምህንድስና ተማሪ፦
ታብሌት ላይ የብሉቱዝ ኪቦርድ ብንጨምርስ? ሁለቱም ይገኛል።

ጠጋኝ፦
ኪቦርዱ የራሱ ባትሪ አለው። እሱም ይሞላል፣ እሱም ይጠፋል፣ እሱም ይገዛል። ሁለት ዕቃ ሆነ። ለአንተ ይሆናል። ሦስት ልጅ ያለበት ቤት በሳምንቱ ኪቦርዱ የት እንደገባ አይታወቅም።

እናት ከገንደ ጋራ፦
ይሄ እውነት ነው። የኔ ቤት እስክርቢቶ እንኳ አይገኝም።

ግን መብራቱን ማንም አልመለሰልኝም።

ጠጋኝ፦
እህቴ፣ እሱ ድሮ ነበር ችግሩ። የድሮዎቹ ኔትቡኮች ቻርጀር እንደ ትልቁ ላፕቶፕ ለብቻው ነው፣ አብዛኛው 19 ቮልት። ቢጠፋ መሰሉን ፍለጋ ትዞሪያለሽ። አሁን በዩኤስቢ ሲ የሚሞሉ ትንንሽ ላፕቶፖች አሉ። ጉልበት ያለው ፓወር ባንክ ይሞላቸዋል። ተራው ፓወር ባንክ ግን አይበቃም፣ እንዳትሸወጂ። ፋን የሌላቸውም አሉ። ፋን ከሌለ አቧራውም የሚገባበት ያንሳል። አምራቹ እኔን ቢጠይቀኝ የምለው ይህንኑ ነው፤ በዩኤስቢ ሲ ይሙላ፣ ፋን አይኑረው፣ ባትሪው በብሎን ይታሰር፣ ማከማቻው የሚነቀል ይሁን፣ መለዋወጫውም እዚሁ አዳማ ይምጣ።

ስልክ ሻጭ፦
እንዲህ ያለውን ዕቃ አምጡልኝና መስኮቴ ላይ ልደርድረው። ሰው ጠይቆ የማያውቀው አይቶት ስለማያውቅ ይሆናል። እስከዚያው ግን ታብሌት እሸጣለሁ፣ ምክንያቱም የሚጠየቀው እሱ ነው።

የጤና ባለሙያ፦
እኔ አሁንም ታብሌት ነኝ። ተማሪ ላይ ግን ተሸንፌያለሁ።

እናት ከገንደ ጋራ፦
ቲቸር፣ እንዳይቀየሙኝ አንድ ነገር ልናገር። የኔ ትልቋም ዘንድሮ 11ኛ ናት። ትናንት ማታ ይህን ክርክር አነበብኩላት። «እማ፣ እኔም እኮ በስልክሽ ነው የምጽፈው፣ ታብሌቱን ትንሹ ስለሚይዘው» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ታነባለች ብዬ ነበር የማስበው።

ወንድሜ ጠጋኝ፣ የወንድሜ ላፕቶፕ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ኪቦርዱ ግን ደህና ነው። ይሠራል?

ጠጋኝ፦
ባትሪው ካልተገኘም ሌላ መላ አይጠፋም። ቅዳሜ ጠዋት ይዘሽው ነይ። ቻርጀሩን እንዳትረሺ። ልጅቷንም ይዘሻት ነይ፣ ስከፍተው ትየው።