የውስጥ እግር ሜላኖማ፦ ሁለት የተራራቁ የኤልዲኤች ውጤቶች፣ የትኛውን እንያዝ?

ላብ_ማርቆስ
እንዴት ዋላችሁ። ታካሚው የ58 ዓመት ገበሬ ነው። ውስጥ እግሩ ላይ ሜላኖማ (ቀለም ከሚሠሩ ሴሎች የሚነሣ የቆዳ ካንሰር) ተገኝቷል፤ የብሬስሎ ውፍረቱ (ዕጢው ወደ ቆዳው ውስጥ የወረደበት ጥልቀት) 5.2 ሚሊ ሜትር፣ የቆሰለ፣ ብሽሽቱ ላይ አንድ ንፍፊት ይዳሰሳል። ደብረ ማርቆስ የተሠራው ኤልዲኤች (ሴል ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ኢንዛይም) 612፣ ባሕር ዳር ተልኮ የተሠራው 241 ዩኒት በሊትር ነው። ደሙ በሲሪንጅ ተቀድቶ ነው ወደ ቲዩብ የተገለበጠው፤ የተላከው ሴረም (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ) ደግሞ በረዶ ሳጥን ውስጥ አድሯል። ሐኪሙ "የትኛውን ይዤ ልወስን?" ይላል። ሌላው፣ የፓቶሎጂው (የሥጋ ናሙና ምርመራው) ወረቀት "ኤስ-100 ፖዘቲቭ" ስለሚል ቤተሰቡ ካንሰሩ ደሙ ውስጥ የገባ መስሎታል። የደም ኤስ-100ቢ (ሜላኖማን ለመከታተል ደም ውስጥ የሚለካ ፕሮቲን) ብናሠራስ ይጠቅማል?

ኬሚስትሪ_ባሕርዳር
መጀመሪያ በሁለቱም ወረቀት ላይ ያለውን የመደበኛ ወሰን ጣሪያ አንብብ። ኤልዲኤች የሚለካበት መንገድ ሁለት ነው፤ ላክቴትን ወደ ፓይሩቬት የሚወስደውና በተቃራኒው የሚሄደው። ሁለተኛው በግምት እጥፍ ቁጥር ይሰጣል። የእናንተ ጣሪያ 480 ከሆነ 612 ማለት 1.3 እጥፍ ገደማ ነው እንጂ ሰማይ የነካ አይደለም። የባሕር ዳሩ ጣሪያ 250 ከሆነ 241 መደበኛ ነው። ስለዚህ ለሐኪሙ ጥሬ ቁጥር አትስጠው፤ "ከጣሪያው ይህን ያህል እጥፍ" ብለህ ጻፍለት።

ከዚያ በኋላም ሁለቱንም አላምናቸውም። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው ኤልዲኤች ከሴረሙ ከመቶ እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ደሙን በመርፌው አስጨንቆ ቲዩብ ውስጥ መግፋት ብቻውን ቁጥሩን ያንረዋል። ሴረሙ ገና ሮዝ ሳይመስል ነው የሚጀምረው፤ በዓይን አይቶ "ንጹሕ ነው" ማለት አያዋጣም። ፖታሲየሙም አብሮ ከፍ ብሎ እንደሆነ ተመልከት፤ ከሆነ ሄሞሊሲስ (የቀይ ደም ሴሎች መፈንዳት) ጠርጥር። የበረዶው ሳጥን ደግሞ በተቃራኒው ያበላሻል፦ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የሚበዛው የኤልዲኤች ዓይነት ቅዝቃዜ አይወድም፣ ሴረም ውስጥ እያለ ይከስማል። አንደኛው ውጤት ሽቅብ፣ ሌላው ቁልቁል ተጎትቶ ሊሆን ይችላል።

እንደገና ቅዳ። 21 ጌጅ መርፌ፣ ቱርኒኬቱ ከአንድ ደቂቃ ሳይበልጥ፣ በቀጥታ ወደ ቲዩብ። 30 ደቂቃ ይርጋ፣ 10 ደቂቃ ሴንትሪፉጅ አድርግ፣ ሴረሙን ወዲያው ለየው፣ በክፍል ሙቀት አቆይተህ በዚያው ቀን ለካው። ሄሞሊሲስ ከታየ በቀመር ለማስተካከል አትድከም፤ ጣለውና ድገም። ወባም ኤልዲኤችን ስለሚያንር፣ ታካሚው ከቆላ ከመጣ የወባ ስላይድ አይለፈው። የቢ12 ወይም የፎሌት እጥረት ያመጣው የደም ማነስም ኤልዲኤችን ከብዙ ዕጢ በላይ ይሰቅለዋል።

ኦንኮ_ጎጃም
ኬሚስቱ ያለው ትክክል ነው፤ ግን ጥያቄው ራሱ ቦታውን ስቷል። በስምንተኛው የኤጄሲሲ (የአሜሪካ የካንሰር ደረጃ አውጪ ኮሚቴ) ምደባ ኤልዲኤች የሚቆጠረው ስቴጅ 4 (ካንሰሩ ወደ ሩቅ አካል የተሰራጨበት ደረጃ) ላይ ብቻ ነው፤ ከ"ኤም1" ቀጥሎ በቅንፍ 0 (መደበኛ) ወይም 1 (ከፍ ያለ) ተብሎ ይጻፋል። ይህ ሰው እስካሁን ባለው መረጃ ቲ4ቢ (ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ የወፈረና የቆሰለ) ነው፤ ንፍፊቱ በመርፌ ናሙና ሜላኖማ ሆኖ ከተረጋገጠና ሌላ ቦታ ካልተገኘ ስቴጅ 3ሲ (እስከ አቅራቢያው ንፍፊት የደረሰ) ይሆናል። ኤልዲኤቹ 241 ሆነ 612 ይህን አይለውጠውም። ገንዘቡ መጀመሪያ ለንፍፊቱ ናሙና፣ ለደረትና ለሆድ ሲቲ ይዋል።

በዚያው ምደባ የስቴጅ 3ሲ ታካሚዎች 69 በመቶው አምስት ዓመት ከሜላኖማ ሞት ተርፈዋል። ቁጥሩ የተሰበሰበው በአብዛኛው ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከአውስትራሊያ ማዕከላት ስለሆነ እንዳለ ወደ ውስጥ እግር ሜላኖማ አይገለበጥም።

ስርጭት ከተገኘ ግን ኤልዲኤች ሙሉ ክብሩን ያገኛል። ከጣሪያው ሁለት እጥፍ ካለፈ ውጤቱ እንደሚከፋ ይታወቃል፤ ያም ሆኖ ሕክምና መከልከያ አይደለም።

ኤስ-100ቢ በጀርመን መመሪያ ለክትትል ይመከራል፣ አሜሪካኖቹ አይመክሩትም። በኤሌክሲስ ማሽን ጣሪያው 0.105 ማይክሮግራም በሊትር ነው። የራስ ቅል ጉዳትም ከፍ ያደርገዋል። አንድ ጊዜ ተለክቶ የሚነግርህ ጥቂት ነው፤ ጥቅሙ በአንድ ማሽን ተደጋግሞ ሲለካ በሚያሳየው አካሄድ ነው። ሁለተኛውን ልኬት ማሠራት ካልቻላችሁ የመጀመሪያውን ተዉት።

ፓቶ_ስላይድ
ስለ ቤተሰቡ፦ ሥጋው ላይ የተቀባው ኤስ-100 ዕጢው ምን ዓይነት እንደሆነ ነው የሚናገረው፤ ነርቭና ስብም ይቀባሉ። ደም ውስጥ ስላለው ነገር አንዲት ቃል አይናገርም። ይህን በአማርኛ ወረቀቱ ግርጌ ብንጽፍላቸው ብዙ ጭንቀት ይቀር ነበር።

በነገራችን ላይ ትንበያው ሁሉ የቆመው በዚያ 5.2 ላይ ነውና ናሙናው እንዴት እንደተቀመጠ ጠይቁ። ፎርማሊኑ 10 በመቶ፣ በበፈር (አሲድነቱን በሚገታ ጨው) የተስተካከለ፣ ከሥጋው አሥር እጥፍ ይሁን። በፈር ከሌለው አሲዳማ ሆኖ ደም ባለበት ሥጋ ላይ ጥቁር ዝቃጭ ይጥላል፣ እሱም ከሜላኒን ጋር ይምታታል። ጥርጣሬ ካለ በአልኮል የተበጠበጠ ፒክሪክ አሲድ ዝቃጩን ያነሳዋል፤ ሜላኒን ግን አይለቅም። ፒዲ-ኤል1 (ለኢሚውኖቴራፒ ምርጫ የሚታይ ፕሮቲን) የሚሠራ ካለም በቡናማ ቀለም አትሥሩት፣ ሜላኒኑ ራሱ ቡናማ ነው፤ ቀዩን ተጠቀሙ።

ላብ_ማርቆስ
ገብቶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሲቲው ስርጭት ቢያሳይና ሁለቱንም ምርመራ መላክ ግድ ቢሆንስ? መንገዱ ረጅም ነው።

ኬሚስትሪ_ባሕርዳር
ሴረሙን ለሁለት ክፈለው። የኤስ-100ቢው ቢቀዘቅዝም ቢበርድም ችግር የለውም፣ በረዶ ሳጥን ውስጥ ይግባ። የኤልዲኤቹ ከሳጥኑ ውጭ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይምጣ፤ ቲዩቡ ላይም "አይቀዝቅዝ" ብለህ ጻፍበት፣ አለዚያ የሚቀበለው ሰው ከልማዱ ፍሪጅ ውስጥ ይከተዋል።