ክርክር፦ ሕዝብ የሚከፍልበት ሲስተም ሎግ ስንት ጊዜ ይቆይ? ማንስ ይየው?

የለገሃሬው፦
ሰላም የድሬ ልጆች። እናቴ ባለፈው ወር የአገልግሎት ሂሳብ ከፈለች። በዚህ ወር ስትሄድ «ያለፈው አልተከፈለም» አሏት። ደረሰኙን አሳየች። «ሲስተሙ ላይ የለም» አሏት። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም። ሙያዬም ስለሆነ የኮምፒውተር ክፍሉን ልጅ አነጋገርኩት። «ሎጉን እንክፈተው፣ ክፍያው የት ጋ እንደቀረ በደቂቃ ይታወቃል» አልኩት። «ዲስክ ሞልቶ አጥፍተነዋል» አለኝ። እናቴ በዚህ ሙቀት ሁለት ጊዜ ተሰልፋ፣ ሁለት ጊዜ ከፈለች።

ሎግ ለማያውቅ፣ ሰርቨር የሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚጽፍበት መዝገብ ነው። ማን ገባ፣ ምን ጠየቀ፣ ምን ተበላሸ። አቋሜ ይኸው፦ ሕዝብ የሚከፍልበት ሲስተም ሎጉን ቢያንስ 1 ዓመት ያቆይ። ቅሬታ ያለው ሰውም ስለራሱ የተጻፈውን ማየት ይፈቀድለት። ምን ትላላችሁ?

ሳቢያን፦
አቦ፣ ለእናትህ አዝኛለሁ። በልጁ ላይ ግን ቶሎ አትፍረድ። እኔም ያው ሥራ ላይ ነኝ። ሌሊት ስልክ ይደወላል፣ «ሲስተም ቆመ» ይባላል። ገብቼ ሳይ ዲስኩ 100 በመቶ ሞልቷል። ሎጎች በሚቀመጡበት ማኅደር በቫር ሎግ ውስጥ አንድ ፋይል ብቻውን 60 ጊጋባይት ይዟል። ጠዋት 2፡30 ላይ ሰው ይሰለፋል። ምን ላድርግ? አጠፋዋለሁ። አዲስ ዲስክ ይገዛ ብዬ ደብዳቤ ከጻፍኩ ዓመት አልፎኛል። 1 ዓመት ይቆይ ማለት ቀላል ነው። ዲስኩን ማን ይግዛ?

የከዚራው፦
ሳቢያን፣ ማጥፋቱ ራሱ ብዙ ጊዜ አያድንህም እኮ። ፋይሉን የሚጽፍበት ፕሮግራም ከፍቶት ከያዘው፣ ስሙ ከዝርዝሩ ይጠፋል እንጂ ቦታው አይለቀቅም። ፕሮግራሙ ተዘግቶ እስኪነሳ ድረስ ዲስኩ እንደሞላ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ማስረጃውንም ቦታውንም ባንድ ሌሊት አጥቼ ነው። ዛሬ ቢሆን መጀመሪያ «ዱ» በሚለው ትእዛዝ የትኛው ፋይል እንዳበጠ አያለሁ። ከዚያ በ«ቴይል» መጨረሻው ላይ ምን እየተጻፈ እንዳለ አያለሁ። 60 ጊጋ ያደረሰው ብዙውን ጊዜ ያው አንድ ስህተት እልፍ ጊዜ ተደጋግሞ ነው። ስህተቱን ስታስተካክለው ፋይሉ ማበጡን ይተዋል።

ሌላውን የሎግ ፋይሎችን ለሚያስተዳድረው ፕሮግራም ለሎግሮቴት ተውለት። በየጊዜው አዲስ ፋይል ይከፍታል፣ ካዘዝከው የቆየውን ይጨምቃል፣ የተባለው ቁጥር ሲሞላ አሮጌውን ይጥላል። የሊኑክስ ዓይነት በሆኑት በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ዋናው ማስተካከያ ሲመጣ የ4 ሳምንት ነው። 4ን ወደ 52 መቀየር አንድ ቁጥር መጻፍ ነው። የየፕሮግራሙን የግል ማስተካከያ ማየት ግን እንዳትረሳ፣ እነሱ የራሳቸው ቁጥር አላቸው። የሎግ ጽሑፍ ተመሳሳይ መስመር ስለሚበዛበት ሲጨመቅ በጣም ያንሳል። የተጨመቀውንም ሳትፈታው በ«ዚግሬፕ» ትፈልግበታለህ። ስለዚህ የዲስኩ ነገር የሚባለውን ያህል አይከብድም።

የሚያሳስበኝ ጆርናሉ ነው። ሊኑክስ ላይ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ የራሱን ሎግ የሚይዝበት ጆርናል ካልነካኸው ከፋይል ሲስተሙ 10 በመቶ አያልፍም፣ ቢበዛም 4 ጊጋባይት ላይ ይቆማል። ከዚያ አሮጌውን ይጥላል። ሥራ የሚበዛበት ሰርቨር ላይ 1 ዓመት አያደርስም፤ ገደቡን ራስህ ከፍ ማድረግ አለብህ። አንዳንዱ ማሽን ላይ ደግሞ ሜሞሪ ላይ ብቻ ነው የሚቀመጠው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ባዶ ነው። ከመጥፋቱ በፊት ምን እንደተፈጠረ የሚነግርህ ያው እሱ ነበር።

የመጋላዋ፦
ሁላችሁም ስለ ዲስክ ነው የምታወሩት። እኔ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ወላሂ፣ እኔን የሚያስፈራኝ የሎጉ መቆየት ነው። ሲስተም ሊሠራ የመጣ ልጅ ጎን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። አንድ ቃል ጻፈ። የታካሚ ስም፣ ስልክ፣ የገባችበት ክፍል፣ ሰዓቱ፣ ሁሉም ስክሪኑ ላይ ወረደ። ልጁ ምንም ክፉ አላሰበም፤ ስህተት ነበር የሚፈልገው። እኔ ግን ከሴቶቹ ሁለቱን አውቃቸዋለሁ። ድሬ እኮ ከቀፊራ እስከ ከዚራ የሚተዋወቅ ሰው የሞላባት ከተማ ናት። ይህ ፋይል ለ1 ዓመት ይቆይ ነው የምትሉኝ? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቆይ ይላል። «ምናልባት አንድ ቀን ይጠቅማል» ዓላማ አይደለም።

የለገሃሬው፦
እህቴ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ግን ያው አዋጅ ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የማየት መብትም ይሰጣል። ከጠፋ ምኑን ያያል? 1 ዓመት ያልኩትም ዝም ብዬ አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 24 አገልግሎት ሰጪ የትራፊክ ዳታውን ቢያንስ 1 ዓመት እንዲይዝ ያዛል።

የመጋላዋ፦
ያው አንቀጽ ቀጥሎ ፍርድ ቤት ካላዘዘ በቀር በምስጢር ይያዝ ይላል። አንተ ደግሞ ቅሬታ ያለው ሁሉ ይየው ትላለህ። የትራፊክ ዳታ የተባለውስ ምንድን ነው? ግንኙነቱ ከየት ተነሳ፣ የት ደረሰ፣ መቼ፣ ምን ያህል። የበሽተኛ ስም እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል? የእናትህን ክፍያ ለማረጋገጥ የደረሰኝ ቁጥር፣ ሰዓቱና «ገባ» ወይም «አልገባም» የሚለው ይበቃል። መጀመሪያ ሎግ ላይ የሚጻፈው ይቀነስ። ከዚያ ስንት ጊዜ ይቆይ እንበል።

ሳቢያን፦
እዚህ ላይ ከእሷ ጋር ነኝ። አንዳንድ ፕሮግራም የይለፍ ቃል ሳይቀር ሎግ ላይ ሲጽፍ አይቻለሁ። ከሠሪው ጋር ስንዋዋል ይህን የጠየቀ የለም።

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ እኔ ሂሳብ ክፍል ነው ያረጀሁት። በወረቀት ዘመን የተሳሳተ መስመር በቀይ ይሰረዝ ነበር እንጂ አይፋቅም። ስለዚህ ይቆይ ከሚሉት ነኝ። ግን ቆይቶስ ማን በትክክል ያነበዋል? አንዲት ጎረቤቴ ከቀኑ 8፡40 ላይ ከፈለች። ክርክር ተነሳ። ሎጉ ተከፈተ፣ 11፡40 ይላል። «በዚህ ሰዓት ቢሮ ዝግ ነው፣ ደረሰኙ አጠራጣሪ ነው» ብለው መለሷት። ሴትዮዋ አለቀሰች። በኋላ ልጄ ነው የፈታው። ሰርቨሩ የሚጽፈው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነበር። ከዩቲሲ እኛ በ3 ሰዓት እንቀድማለን፣ ስለዚህ 11፡40 ማለት በፈረንጅ አቆጣጠር 14፡40 ነው። ይኸውም በእኛ 8፡40። እሷ ያለችው ልክ ነበር። አጭሩን መንገድ ልንገራችሁ፦ ከዩቲሲው ሰዓት ላይ 3 ቀንሱ፣ የሐበሻው ይመጣል። ቁጥሩ ካልበቃ 12 ጨምሩበትና ቀንሱ፤ የመጣው ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 ቀንሱለት። ይህን ሳያውቁ ሰው ሌባ ማለት ግፍ ነው።

የከዚራው፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጆርናሉን የምናነብበት ትእዛዝ «ጆርናልሲቲኤል» ራሱ ሰዓቱን በማሽኑ የሰዓት ክልል ቀይሮ ያሳያል። ፕሮግራሞች በተራ ፋይል የሚጽፉት ግን እንደተጻፈ ይቀራል፣ እዚያ ነው ሰው የሚሳሳተው። ቅሬታ ሲመጣ ሰዓቱ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሎጉ የተጻፈበት ማሽን ላይ ብቻ ከተቀመጠ 1 ዓመትም 10 ዓመትም ያው ነው። ሰርቨር ሰብሮ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነካው ሎጉን ነው። የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በ1998 ክረምት በአንድ ሌሊት ያደረገውንም እናውቃለን። ሎግ በሚያስተላልፈው ፕሮግራም በ«አርሲስሎግ» ሌላ ሕንፃ ላይ ወዳለ ማሽን ቅጂ መላክ ይቻላል። የተጣለ አሮጌ ዴስክቶፕ ለትንሽ ቢሮ ይበቃዋል።

የለገሃሬው፦
እሺ፣ አቋሜን ላስተካክል። ዓመቱን አልለቅም፣ የክፍያ ጠብ ከወራት በኋላ ነውና የሚነሳው። ግን ስምና ስልክ የሌለበት የክፍያ ሎግ ብቻ ይሁን። የክሊኒኩ ዓይነት ሌላ ነው፣ እሱ ያጥር። ሰው ይየው ያልኩትም ሙሉ ፋይሉ ይሰጠው ማለት አይደለም፣ የሌላው ሰው ጉዳይ አለበት። በደረሰኙ ቁጥር «ግሬፕ» ተደርጎ፣ ማለትም በመፈለጊያ ትእዛዝ ተፈልጎ፣ የወጣው መስመር ብቻ ታትሞ ማኅተም ይደረግበት። በእጁ ይያዘው።

የመጋላዋ፦
በዚህ እስማማለሁ። ያንን «ግሬፕ» ማን እንዳደረገውም ይመዝገብ። ከፍቶ ያየ ሰው ስሙ ይታወቅ።

ሳቢያን፦
እኔ ዛሬ ማታ የኛን 4 ሳምንት 52 አደርገዋለሁ። ዲስኩን በ«ዱ» እየለካሁ ውጤቱን እዚህ እጽፋለሁ።

የመጋላዋ፦
ሳቢያን፣ ከዚያ በፊት አንድ ጥያቄ። ሰርቨሩ ላይ ሁሉን ማድረግ የሚችለውን ተጠቃሚ፣ የሩቱን የይለፍ ቃል ቢሯችሁ ውስጥ ስንት ሰው ያውቀዋል?

ሳቢያን፦
ሰባት። አንዱ ሥራ ለቋል።

የመጋላዋ፦
እንግዲያው ዛሬ ማታ እሱን ቀይር። 52ቱ ነገ ይድረስ።